የንጉሥ ኢዛና የወርቅ ሳንቲም

አክሱም፣ 4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን። ወርቅ።

ዘውድ የደፋውን ንጉሥ ከግራና ከቀኝ ሁለት የእህል ዛላዎች አቅፈውታል። በጀርባው በኩል ግን ንጉሡ ዘውዱን አውልቆ በራስ ጥምጥም ይታያል።

ከራሱ በላይ ያለውን ትንሽ ምልክት ልብ ብለው ይመልከቱ፤ መስቀል ነው። ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስወጣቸው ሳንቲሞች ላይ በዚሁ ስፍራ የነበረው የጨረቃና የክብ ምልክት ነው።

በዙሪያው የተቀረጸው ጽሑፍ ግሪክኛ ነው። አክሱም በአዱሊስ ወደብ በኩል የዝሆን ጥርስ ለውጭ ገበያ ስታቀርብ የቀይ ባሕር ነጋዴዎች የሚግባቡት በዚህ ቋንቋ ነበር። በዚያ ዘመን በንጉሣቸው ስም የወርቅ ገንዘብ የሚያወጡት እንደ ሮም ያሉ ጥቂት ኃያላን መንግሥታት ብቻ ነበሩ። ኢዛናም አዲሱን እምነቱን ባሕር ማዶ ላለው ሁሉ ያሳወቀው በዚህ ወርቅ ነው።