ዕቃ ዕቃና ተረት፤ የጃፓንና የምዕራባውያን የሚና ጨዋታ ታሪክ

የአገራችን ሕፃናት ከጥንት ጀምረው የሚጫወቷቸው ጨዋታዎች ብዙ ናቸው። ከእነዚህም መካከል ሁለቱን ለዛሬው ጽሑፋችን መነሻ እናደርጋቸዋለን። አንደኛው ዕቃ ዕቃ ነው። ሕፃናቱ በአጥር ጥግ ተሰብስበው፣ አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ ሌላው እንግዳ ለመሆን ይመዳደቡና፣ ጭቃውን እንጀራ፣ ቅጠሉን ወጥ አድርገው፣ ማንም ያልጻፈላቸውን ኑሮ ይኖራሉ። ሁለተኛው ተረት ነው። ማታ በእሳት ዳር አያት «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆቹ መልሱን ሰጥተው ጸጥ ይላሉ። የባለታሪኩ መንገድ አስቀድሞ የተወሰነ ስለ ሆነ ልጁ ሊለውጠው አይችልም፤ ነገር ግን ከባለታሪኩ ጋር ይፈራል፣ ከእርሱ ጋር ያዝናል፣ ከእርሱም ጋር ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በዘመናችን ከተስፋፉት የቪዲዮ ጨዋታዎች መካከል የሚና ጨዋታ የሚባል ክፍል አለ። ተጫዋቹ የአንድን ሰው ሚና ይይዛል፤ በማያውቀው አገር ይዞራል፤ ከጠላት ጋር ይዋጋል፤ ከመንደርተኛው ጋር ይነጋገራል፤ ልምዱ እየጨመረ በሄደ መጠን ኀይሉም ይጨምራል። ይህ ጨዋታ በዓለም ላይ በሁለት መንገድ እንደሚሠራ ሲነገር ኖሯል፤ ይኸውም የምዕራባውያንና የጃፓን መንገድ ነው። በአጭሩ ለመናገር፣ የምዕራባውያኑ ዕቃ ዕቃን ይመስላል፤ የጃፓኑ ግን ተረትን ይመስላል።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ከተሞች ያየነው ነገር ነው። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ሲወጡ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ እንጦጦን ተሻግረው በጎጃም መንገድ ሱሉልታ ይገኛሉ። ሦስቱም ዛሬ የሸገር ከተማ ክፍሎች ናቸው። በእነዚህ ከተሞች ከገበያው አጠገብ ወይም ከትምህርት ቤቱ ማዶ፣ ጥቂት ቴሌቪዥኖች የተደረደሩበት ጠባብ ክፍል አይታጣም፤ ሕዝቡም ፕሌይስቴሽን ቤት ይለዋል። ከትምህርት ቤት የተመለሱት ልጆች ለአንድ ጨዋታ የሚከፍሉትን ብር በእጃቸው ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። ነገር ግን በዚያ የሚታየው ጨዋታ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የእግር ኳስ ነው፤ የሚና ጨዋታ የሚጫወት ልጅ እምብዛም አላየንም። በሌላው ዓለም ሚሊዮኖች የሚወዱት ጨዋታ በእኛ ልጆች ዘንድ እንግዳ ሆኖ የቀረው ለምንድን ነው? ለዚህ መልስ የሚሆነውን ከታሪኩ ውስጥ እንፈልጋለን። በሚከተለው ታሪክ የውጭ አገር ዓመታትን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

የሚና ጨዋታ የተወለደው በኮምፒውተር ላይ አይደለም፤ በጠረጴዛ ላይ ነው። በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተሰኘውን ጨዋታ አሳተሙ። ከዚያ በፊት ሰዎች በትንንሽ የወታደር ምስሎች የጦርነት ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። የሁለቱ ሰዎች አዲስ ሐሳብ እያንዳንዱ ተጫዋች ሠራዊትን ሳይሆን አንድን ሰው ብቻ እንዲይዝ ማድረጋቸው ነው። አንዱ እንደ ዳኛ ተቀምጦ የሆነውን ሁሉ ይተርካል፤ የቀሩት «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» እያሉ ይመልሳሉ፤ ዕድላቸውንም ዳይ እየጣሉ ያውቃሉ። እንግዲህ ይህ የአዋቂዎች ዕቃ ዕቃ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ብዙም ሳይቆይ ተማሪዎች ይህንኑ በኮምፒውተር ለመሥራት ሞከሩ። በ1981 ሪቻርድ ጋሪዮት «አልቲማ» የተባለውን፣ አንድሩ ግሪንበርግና ሮበርት ዉድሄድ ደግሞ «ዊዛርድሪ» የተባለውን ጨዋታ አወጡ። ከሁለቱ ሥራዎች በኋላ የመጡት ሁሉ፣ ምዕራባውያንም ሆኑ ጃፓናውያን፣ የእነዚህ ልጆች ናቸው ለማለት ይቻላል።

የጃፓን ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በ1983 ዩጂ ሆሪ የተባለ ጃፓናዊ ጸሐፊ ወደ አሜሪካ ተጉዞ ሳለ ዊዛርድሪን አይቶ እጅግ ተደነቀ። ሆኖም ጨዋታው ለጃፓን ልጆች የሚመች አልነበረም። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ሕጉ የተወሳሰበ ነው፤ የሚጫወቱበትም ኮምፒውተር ውድ ነው። በዚያን ጊዜ በብዙ የጃፓን ቤቶች የነበረው ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም ፋሚኮም የተባለ መሣሪያ ሲሆን፣ መጫወቻው ጥቂት ቁልፎች ብቻ ነበሩት። ስለዚህ ሆሪ የአልቲማን ካርታና የዊዛርድሪን ውጊያ አዋሕዶ፣ ሕጉንም አቅልሎ፣ ተጫዋቹ ትእዛዝ በመምረጥ ብቻ እንዲጫወት አደረገ። «ድራገን ኩዌስት» የተባለው ይህ ጨዋታ በግንቦት 1986 ወጣ። ሥዕሉን አኪራ ቶሪያማ፣ ዜማውን ኮይቺ ሱጊያማ ሠሩለት።

የዚህን ሥራ ችግር ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል። ጨዋታው በጠቅላላው 64 ኪሎባይት ብቻ ነበር፤ ዛሬ በስልክ የምናነሣት አንዲት ፎቶግራፍ ከዚህ ብዙ እጥፍ ትበልጣለች። ከቦታው ጥበት የተነሣ ካታካና ከተባለው የጃፓን ፊደል ሃያ ያህሉን ብቻ ለመጠቀም ተገደዱ፤ የጭራቆቹና የአስማቱ ስም ሁሉ በእነዚያ ፊደላት እንዲጻፍ ሆኖ ወጣ። ኢንጂነር አያና ብሩ ለብዙ ፊደሎቻችን በጽሕፈት መኪና ላይ ቦታ ለማግኘት የደከሙትን ድካም የሚያስታውስ አንባቢ ይህን በቀላሉ ይገነዘበዋል። ከዚህም በላይ መሣሪያው ጨዋታውን መዝግቦ ለማቆየት ስለማይችል፣ ልጁ ጨዋታውን ከማቆሙ በፊት የፊደላት ምስጢር ይሰጠው ነበር። ያንን በወረቀት ጽፎ ይዞ፣ በማግሥቱ ሲመለስ አስገብቶ ካቆመበት ይቀጥላል።

በ1987 ደግሞ ሂሮኖቡ ሳካጉቺ «ፋይናል ፋንታሲ» የተባለውን አወጣ። ከዚህ በኋላ ሁለቱ መንገዶች እየተራራቁ ሄዱ። ልዩነታቸውን በምሳሌ ብናስረዳ ይሻላል።

የጋሪዮት አራተኛው አልቲማ በ1985 ሲወጣ ጨዋታው የሚጀምረው በጥያቄ ነበር። ርኅራኄና ፍትሕ፣ እውነትና ጀግንነት እርስ በርሳቸው በተጋጩ ጊዜ የትኛውን ትመርጣለህ ተብሎ ተጫዋቹ ይጠየቃል፤ ማን እንደሚሆንም የሚወሰነው በመልሱ ነው። በ1997 የወጣው «ፎልአውት» የተባለው የአሜሪካ ጨዋታም እንዲሁ ነው። ተጫዋቹ የሰውየውን ጉልበትና ብልኀት ራሱ ይደለድላል፤ ዋናውንም ጠላት በጦር መሣሪያ ከመግጠም ይልቅ በንግግር አሳምኖ ሊያሸንፈው ይችላል። የምዕራባውያኑ ጨዋታ ጥያቄ «አንተ ማን ነህ?» የሚል ነው።

በዚያው በ1997 ሰባተኛው ፋይናል ፋንታሲ በፕሌይስቴሽን ወጣ። ባለታሪኩ ክላውድ ይባላል፤ ስሙም፣ ያለፈ ሕይወቱም፣ ቁስሉም አስቀድሞ ተሰጥቷል። በመካከሉ ከጓደኞቹ አንዷ የሆነችው ኤሪስ ትገደላለች። ተጫዋቹ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ሊያድናት አይችልም። ብዙ ወጣቶች በዚያ ጊዜ እንዳዘኑ ይነገራል፤ ያዘኑትም ምርጫ ስላልነበራቸው ነው። የጃፓኑ ጨዋታ ጥያቄ «የዚህን ሰው ዕጣ አብረኸው ትሸከማለህን?» የሚል ነው። አንደኛው ከሁለተኛው ይበልጣል ለማለት አንደፍርም፤ ዕቃ ዕቃ ከተረት ይበልጣል የሚል አያት የለምና።

ደግሞም ይህ ልዩነት በደም የተወረሰ እንዳይመስለን መጠንቀቅ ይገባል። ልዩነቱን የወለዱት መሣሪያው፣ ቋንቋውና የቤቱ ኑሮ ናቸው። የፋይናል ፋንታሲ አዘጋጅ ናኦኪ ዮሺዳ በ2023 እንደ ገለጸው፣ «የጃፓን የሚና ጨዋታ» የሚለው ስም መጀመሪያ በውጭ አገር ሲነገር ለአንዳንድ ጃፓናውያን ሠሪዎች እንደ ንቀት ተሰምቷቸው ነበር። ድንበሩም ሲፈርስ አይተናል። የ«ዳርክ ሶልስ» ደራሲ ሂደታካ ሚያዛኪ በልጅነቱ የምዕራባውያንን መጻሕፍት ያነብ ነበር፤ ያልገባውንም ክፍል በራሱ ሐሳብ እየሞላ ያልፍ ነበር። በ2011 ያወጣው ጨዋታ ታሪኩን በግማሽ ብቻ ተናግሮ የቀረውን ለተጫዋቹ የሚተወው ከዚህ የተነሣ ነው። በ2025 ደግሞ በፈረንሳይ አገር የሞንፔልዬ ሠሪዎች በጃፓን ሥርዓት በተራ በተራ የሚዋጉበትን «ክሌር ኦብስኪዩር» የተባለ ጨዋታ አቅርበዋል።

አሁን ወደ ከተሞቻችን እንመለስ። የሚና ጨዋታ በሰበታና በቡራዩ፣ በሱሉልታም ያልተለመደው ልጆቻችን ተረት ስለማይወዱ አይደለም። በእኛ አስተያየት ምክንያቱ ሁለት ነው። እግር ኳስ ማንበብን አይጠይቅም፤ የሚና ጨዋታ ግን በንግግር የተሞላ ነው፤ ንግግሩም በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ሳይሆን በእንግሊዝኛ ነው። ሁለተኛም፣ ለእያንዳንዱ ጨዋታ በሚከፈልበት ቤት ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ታሪክ ጀምሮ መጨረስ አይቻልም። እነዚህ ሁለት ችግሮች ግን በ1986 ሆሪን ከገጠሙት ጋር ይመሳሰላሉ። እርሱ የቋንቋውን ችግር በገዛ አገሩ ቋንቋ በመጻፍ፣ የጊዜውን ችግር በአንዲት ብጣሽ ወረቀት አቃልሎታል።

አባቶቻችን ይህን ጥያቄ በታላቁ ጉዳይ ላይ አንሥተውት ነበር። በ1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥታችን በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲረቀቅ የጃፓን ሕገ መንግሥት አርአያ ሆኖታል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። የዚያ ዘመን ሊቃውንት ሊያውቁ የፈለጉት ጃፓን ከምዕራብ እየተማረች ራስዋን ሳታጣ የቀረችበትን ምስጢር ነበር። በትንሹ የጨዋታ ጉዳይ ላይ መልሱ ግልጽ ሆኖ ይታየናል፤ ይኸውም የተዋሱትን ነገር ለጎረቤት ልጅ በሚገባው ቋንቋና በቤቱ ባለው መሣሪያ እንደ ገና መሥራት ነው።

በአፍሪካም ይህን የሞከሩ አሉ። በካሜሩን ያውንዴ የሚገኘው ኪሮኦ ጌምስ በ2016 «ኦሪየን» የተባለ የሚና ጨዋታ አውጥቷል፤ ባለታሪኩ ዙፋኑን የተነጠቀ አፍሪካዊ ልዑል ሲሆን ኀይሉም ከአባቶቹ ቅርስ የሚገኝ ነው። በአገራችንም ቅኔ ጌምስ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮን «ኩኩሉ» በተባለ የስልክ ጨዋታ አሳይቶናል። ኩኩሉ የሩጫ ጨዋታ እንጂ የሚና ጨዋታ አይደለም፤ ቢሆንም መንገዱን የሚጠቁም ነው።

እንግዲህ በሱሉልታ ተራውን የሚጠብቀው ልጅ ዛሬ በአውሮፓ ኳስ ተጫዋቾች ስም ይጫወታል። ይህ ነውር አይደለም። ነገር ግን አያቱ የነገሩትን ተረት ባለታሪክ ሆኖ በራሱ ቋንቋ የሚጫወትበት ቀን ሊመጣ ይገባል። ለዚያ ቀን ትልቅ ፋብሪካ ከሁሉ በፊት አያስፈልግም። ተረቱ በእጃችን ነው፤ ፊደሉ በእጃችን ነው፤ ስልኩም በብዙ ወጣቶች ኪስ አለ። የቀረው እንደ ሆሪ ተቀምጦ፣ ምን ይጨመር ሳይሆን ምን ይቀነስ ብሎ የሚያስብ ትጉህ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከእነዚያ ጠባብ ክፍሎች ከአንዱ እንዲወጣ ተስፋ እናደርጋለን።