ቤት ከገዛሁ በኋላም ኪራይ አለ እንዴ?

ባለፈው ወር በቁጠባ ቀናችን አንዲት ታናሽ እኅታችን ሦስት ወረቀት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች። ይህች እኅት ከዓመት በፊት ከማኅበራችን ብድር ወስዳ፣ የዕቁብ ብሯን ጨምራ፣ እዚሁ ጊንጪ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት የገዛች ናት። ያን ጊዜ እልል ብለን፣ ቡና አፍልተን፣ መርቀናት ነበር የተለያየነው። አሁን ግን ፊቷ ጠቁሯል። አንደኛው ወረቀት የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ነው፤ ሻጩ ለዓመታት ሳይከፍል የተወው ውዝፍ ከነቅጣቱ ተደምሮበታል። ሁለተኛው የመብራት፣ ሦስተኛው የውሃ ነው።

«እትዬ፣ የራሴን ቤት የገዛሁት ከኪራይ ለመገላገል ነበር። ቤት ከገዛሁ በኋላም ኪራይ አለ እንዴ?» አለችኝ።

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። እውነቷን ነው፣ «ኪራይ» ይላል። ብዙዎቻችን ሳቅን፤ እሷ ግን አልሳቀችም። እኔ የሒሳብ ሰው አይደለሁም፤ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ስለዚህ ያን ዕለት በአጭሩ የመለስኩላትን አሁን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው ብዬ ይህን ጽሑፍ ለመጽሔታችን አዘጋጀሁ።

ግብር የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ፊት አለው። አንዱ ለመንግሥት የሚከፈለው ነው፤ ሌላው በቤተ መንግሥት አዳራሽ የሚበላው ግብዣ ነው። ገበሬው ግብር ይከፍል ነበር፣ መኳንንቱ ግብር ይበሉ ነበር። በኦሮምኛም ጊቢራ እንለዋለን፤ ቃሉ ያው ነው። በገጠር ግብር የመሬት ነገር እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የከተማ ቤት ግብር ግን ዘግይቶ የመጣ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ከተማ ራሱ በአገራችን ዘግይቶ የመጣ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1937 ዓ.ም. የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ሲወጣ፣ ከተሞች ገቢ የሚሰበስቡበትና አገልግሎት የሚሰጡበት ሕጋዊ መንገድ ተከፈተላቸው። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ እንዳሉት እንደኛ ያሉ ትንንሽ ከተሞች ግን ብዙው ሰው ቤት ሠርቶ የሚኖረው በሌላ ሰው መሬት ላይ ነበር። ቤቱ የአንዱ፣ መሬቱ የባላባቱ። በዓመት በዓመት ለመሬቱ ጌታ ይከፈል ነበር። ስለዚህ «ቤቱ የእኔ ነው፣ ለመሬቱ ግን እከፍላለሁ» የሚለው ነገር ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። የተለወጠው የሚከፈልለት ሰው ነው።

የተለወጠውም በ1967 ዓ.ም. ነው። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት ታወጀ፤ እሱን ሁሉም ያስታውሳል፣ «መሬት ላራሹ» የተባለለት ነውና። ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ መኖሪያ የሚሆነው አንድ ቤት ብቻ እንዲኖረው፣ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ከዚያ ያለፈው ቤት ተወረሰ። ኪራዩ በወር እስከ 100 ብር የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ተላለፈ። ኪራይም ወዲያው ተቀነሰ፤ ዝቅተኛ ኪራይ ለሚከፍሉት ቅናሹ እስከ ግማሽ ይደርስ ነበር።

ስለዚህ አዋጅ ሲነገር ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ይታወሳል፤ ብዙ ቤት የነበረው ሀብታምና ቤት ያልነበረው ድኻ። መሀል ላይ የነበሩትን ሴቶች የሚያነሳቸው የለም። ባሏ የሞተባት፣ ጠጅ ጥላ፣ ጠላ ጠምቃ፣ ከመኖሪያዋ ሌላ ሁለት ክፍል ሠርታ በዚያ ኪራይ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት በየከተማው ነበረች። ኑሯቸው በኪራይ ብቻ ለነበረ ሰዎች መተዳደሪያ እንደሚሰጣቸው አዋጁ ደንግጎ ነበር፤ ቢሆንም ሁለት ክፍል ቤትና በእጅ የሚሰጥ መተዳደሪያ አንድ አይደሉም። በሌላ በኩል ደግሞ እናቴ አለች። እናቴ በቀበሌ ቤት ነው ያሳደገችን። ኪራዩ በጣት የሚቆጠር ብር ነበር፣ እስክትሞት ድረስም ብዙ አልተለወጠም። በዝናብ ጊዜ ጣሪያው ያፈሳል፤ ማን እንደሚጠግነው ግን ግልጽ አልነበረም። ግብር የሚባል ወረቀት በቤታችን አይቼ አላውቅም። ግብር የባለቤት ነው፣ ባለቤቱ ደግሞ መንግሥት ነበር። የእኔ ትውልድ ሴቶች ብዙዎቻችን ያደግነው እንዲህ ነው፤ ጣሪያ ዋጋ እንዳለው ሳናውቅ።

በዓመቱ፣ በ1968 ዓ.ም.፣ አዋጅ ቁጥር 80 ወጣ። ስሙ «የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር» ይላል። የእኅታችን ወረቀት የተወለደው ከዚህ ነው። ቦታው የመንግሥት ስለሆነ ለቦታው የሚከፈለው «ኪራይ» ተባለ፤ ቤቱ የግል ስለሆነ ለቤቱ የሚከፈለው «ግብር» ተባለ። የቦታው ኪራይ በካሬ ሜትርና በቦታው ደረጃ ይሰላል። የቤቱ ግብር ደግሞ ቤቱ ቢከራይ በዓመት ሊያስገኝ ይችላል ተብሎ ከሚገመተው ኪራይ ላይ በመቶኛ ይቆረጣል። ሕዝቡ «የጣሪያና ግድግዳ» የሚለው ይህንኑ ነው።

ችግሩ ግምቱ ላይ ነው። በየጊዜው ካልታደሰ ዋጋው የትናንት ሆኖ ይቀራል፤ በአገራችንም ለረጅም ዘመን የሆነው ይኸው ነው። መንግሥት ተለወጠ፣ ብር ዋጋው ወረደ፣ ጤፍ በኩንታል ስንት እንደነበረና ስንት እንደደረሰ እናንተው ታውቃላችሁ፤ የቤት ግብሩ ግን በአብዛኛው ቦታ በድሮ ግምት ይከፈል ነበር። አንዳንዱ ለግብሩ ከሚከፍለው ይልቅ ማዘጋጃ ቤት ደርሶ ለመመለስ ለባጃጅ የሚያወጣው ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ሰዉ ተወው። «ይቺን ብዬ ሄጄ ልሰለፍ?» አለ። የእኅታችን ሻጭም ያለው ይህንኑ ይመስለኛል። ትንሿ ገንዘብ ግን ውዝፍ ሆና፣ ቅጣት ወልዳ፣ ከቤቱ ጋር ተሸጠች። እኅታችን ቤቱን ስትገዛ ስለ ውዝፉ የነገራት የለም፤ እሷም ልጠይቅ አላለችም፣ እኛም ጠይቂ አላልናትም። ይህ የእኛም ጥፋት ነው።

በ1986 ዓ.ም. ደግሞ ሊዝ መጣ፤ የአዋጁ ቁጥር እንደገና 80 መሆኑ ይገርመኛል። በ1994 ተሻሻለ፣ በ2004 በአዋጅ ቁጥር 721 እንደገና ተጻፈ። በሊዝ ቦታ የሚይዝ ሰው ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት ይይዛል፤ ከጠቅላላው ዋጋ ቢያንስ 10 በመቶውን ቅድሚያ ይከፍላል፣ ቀሪውን ከነወለዱ በየዓመቱ ይከፍላል። ከዚህ በኋላ በአንድ መንደር ሁለት ዓይነት ጎረቤት ተፈጠረ፤ ነባር ይዞታ ያለውና የሊዝ ባለይዞታ። አጥራቸው ይነካካል፣ የሚከፍሉት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ቤት ልትገዛ ያሰበች አባል መጀመሪያ ልትጠይቀው የሚገባት ጥያቄ ስለ ክፍሉ ብዛት ሳይሆን «ነባር ነው ወይስ ሊዝ? ሊዝ ከሆነ ስንት ዓመት ቀረው?» የሚለው ነው።

ቦታ በእኛ ከተማ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ለጊንጪ ሰው አስረድቼ አልችልም። በኅዳር 2008 ተማሪዎች ስለ አንድ የመጫወቻ ሜዳና ስለ ጭልሞ ደን ድምፃቸውን ሲያሰሙ፣ ያ ድምፅ ከዚህ ተነስቶ ኦሮሚያን ሁሉ አዳርሷል። ያንን እዚህ አልዘረዝርም።

ወደ ሁለተኛው ወረቀት ልምጣ። መብራትም እንደ ግብሩ ለረጅም ጊዜ ዋጋው ቆሞ ነበር። በ1998 ዓ.ም. የወጣው ታሪፍ እስከ 2011 አልተነካም፤ ለመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚከፈለው በአንዱ 27 ሳንቲም ግድም ነበር። ከታኅሣሥ 2011 ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ጨመረ፤ ያን ጊዜ 50 እና ከዚያ በታች የሚጠቀመው ድኻ አልተነካም። በመስከረም 2017 ደግሞ ሌላ ማሻሻያ ተጀመረ፤ ይህኛው በየሦስት ወሩ እየጨመረ አራት ዓመት የሚዘልቅ ነው። ስለዚህ «ያለፈው ወር ይህን ያህል ነበር» ብሎ ማቀድ አሁን አይሠራም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ብዙዎቻችን አናስተውልም። ተከራይ ሳለን የምንከፍለው ለአከራያችን፣ በአምፖል ቁጥር ነበር። ቆጣሪ አይተን አናውቅም። የራሳችን ቆጣሪ ሲኖረን ግን ታሪፉ በደረጃ ነው፤ ብዙ በተጠቀምሽ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይወደዳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። በሳምንት ሁለት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት እንጀራ የምትጋግር ሴት በሳምንት ከ12 እስከ 16 ኪሎዋት ሰዓት ትጠቀማለች ማለት ነው። ወሩ ሲያልቅ ከምጣዱ ብቻ 50ዋን አልፋለች፤ አምፖሉ፣ ቴሌቪዥኑ ገና አልተቆጠረም። እኅታችን እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤት የምታቀርብ ናት፤ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። በዚያ ላይ በጓሮዋ ላስጠጋቻቸው ሁለት ቤተሰቦች ከዚያው ቆጣሪ መስመር ቀጥላላቸዋለች። ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም የድኻው ዝቅተኛ ዋጋ ለሦስቱ ሳይሆን ለአንድ ብቻ ይቆጠራል። ደግ ሥራ ሠርታ በውድ ዋጋ ከፈለች።

ስለ ውሃው ብዙ አልልም። ቧንቧ ለማስገባት የሚወጣው ገንዘብ ቤቱ ከዋናው መስመር ባለው ርቀት ይወሰናል፤ ቱቦውንና ቆፋሪውን የሚያቀርበው ደግሞ ባለቤቱ ነው። ርካሽ ቤት ከመንገድ የራቀ ቤት ነው። በርካሽ የገዛነውን በቱቦ እንከፍላለን።

አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችንም ከዚህ አላመለጡም። ኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣላቸው 20 በመቶውን ከፍለው ቀሪውን 80 በባንክ ብድር ሲረከቡ፣ ብዙዎቹ ወለሉና ቀለሙ ያልተጠናቀቀ ቤት ነው ያገኙት። በዚያ ላይ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ለጋራ መጠቀሚያው፣ ለጥበቃው፣ ለጽዳቱ መዋጮ አለ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከተማው የጣሪያና ግድግዳ ግብርን በአዲስ ግምት ሲያስከፍል፣ የቆመው ሰዓት በአንድ ቀን ወደፊት እንደተገፋ ያህል ሰዉ ደነገጠ።

አሁን ደግሞ ለሁላችንም የሚደርስ ሕግ አለ። በሕገ መንግሥቱ የንብረት ግብር የማን እንደሆነ ስላልተጻፈ፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ለክልሎች ሰጡት። ከዚያ በጥር 2017 የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365 ጸደቀ። በዚህ አዋጅ የሚታየው የሚገመተው ኪራይ መሆኑ ቀርቶ የንብረቱ የገበያ ዋጋ ሆነ፤ ግብሩ የሚጣለው ግን በዋጋው 25 በመቶ ላይ ነው። ለቤት መጣኔው ከ0.1 እስከ 1 በመቶ፣ ለቦታ የመጠቀም መብት ከ0.2 እስከ 1 በመቶ ነው፤ በዚህ መሀል የሚወስነው ክልሉ ነው። ለምሳሌ 2 ሚሊዮን ብር የተገመተ ቤት ቢኖር፣ 25 በመቶው 500,000 ብር ነው። በዝቅተኛው መጣኔ በዓመት 500 ብር፣ በከፍተኛው 5,000 ብር ይሆናል። ቦታው ለብቻው ይሰላል። የጭቃ ቤት ግምት ከዚህ እንደሚያንስ እናስባለን፤ ከአስፋልቱ ዳር ያለው ግን ቤቱ ቢያረጅም ቦታው ስለተወደደ ግምቱ ይወጣል። ገቢ ሳይኖራቸው ጥሩ ቦታ ላይ የቀሩ አሮጊት እናቶቻችን ናቸው የሚያሳስቡኝ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ እኅታችን «ታዲያ ባልከፍለውስ?» አለችኝ። እዚህ ላይ ነው የታሪክ መምህርነቴ የመጣው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1168 ላይ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ ግብሩን 15 ዓመት በተከታታይ የከፈለ ሰው ባለቤት ይሆናል ይላል። መሬት የሕዝብና የመንግሥት ከሆነ ወዲህ የዚህ ቁጥር ሥራ ጠቧል፤ ለቦታ አይጠቀስም። ቢሆንም ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ሽማግሌም ዳኛም «ግብሩን ማን ነው ሲከፍል የኖረው?» ብሎ መጠየቁን አልተወም። ደረሰኝ ምስክር ነው። ከባላቸው ጋር ሲለያዩ፣ ወይም ባላቸው ሲሞት የባል ዘመዶች ሲመጡ፣ ቤቱን በላባቸው የሠሩ ሴቶች በእጃቸው አንዳች ወረቀት አጥተው ሲቆሙ አይቻለሁ። ገንዘቡን የምትሰጠው ሚስት ናት፣ ተሰልፎ የሚከፍለው ባል ነው፣ ደረሰኙ በእሱ ስም ተጽፎ በእሱ ኪስ ይገባል።

ወረቀቱን ገልብጬ ለእኅታችን አሳየኋት። ውዝፉን የከፈለችው እሷ፣ የተጻፈው ግን በሻጩ ስም ነው። ስሙ እስካልዞረ ድረስ የምትከፍለው ሁሉ የእሱን ታሪክ ያጠናክርለታል። ስም ለማዛወር ደግሞ የቴምብር ቀረጥ አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 110/1990 መሠረት ለባለቤትነት ሰነድ ከንብረቱ ዋጋ 2 በመቶ ነው። ይህን ገንዘብ ማንኛችንም በብድሩ ዕቅድ ውስጥ አላስገባነውም ነበር። ለጋሾቻችንም ይህን ቢያዩልን ደስ ይለኛል፤ ለቤት መግዣ የሚሰጠው ብድር በቁልፉ ላይ ያቆማል፣ ወጪው ግን ከቁልፉ በኋላ ነው የሚጀምረው።

ማኅበሩ ለቀረጡና ለውዝፉ የሚሆን ተጨማሪ ብድር ፈቅዶላታል፤ በስድስት ወር ትመልሳለች። ጓሮዋ ላሉት ተከራዮች የየራሳቸው ቆጣሪ እንዲጠይቁ ተነጋግራለች። ሻጩም ከብዙ ምልልስ በኋላ ለስም ዝውውሩ ሊፈርም እሺ ብሏል፤ ቀጠሮው ረቡዕ ጠዋት ነው። አብሬያት እሄዳለሁ፣ መነጽሬን ይዤ።