እፉኝት በገጠርና በመርካቶ

በአሜሪካ የከብት ማርቢያ ስፍራዎች የሚገኘው ባለ ቃጭል እባብ ጅራቱን እያንቀጫቀጨ መንገደኛውን ያስጠነቅቃል። የእኛ አገር እፉኝት ግን ቃጭል የለውም፤ ሲቀርቡት ሰውነቱን እንደ ወናፍ ነፍቶ እፍ ይላል እንጂ፤ ብዙ ጊዜም ዝም ብሎ ስለሚተኛ እረኛውና ሣር አጫጁ ሳያዩት ይረግጡታል። ልጆቹ የእናታቸውን ሆድ ቀድደው ይወጣሉ መባሉ በግእዙ ፊሳልጎስ ጭምር የሚገኝ አሳብ ሲሆን፣ እውነቱ እንስቲቱ ሕያዋን ልጆች መውለዷና ከዚያም በኋላ በሕይወት መኖሯ ነው።

ባላገሩ በነጭ ሽንኩርትና በሌሎችም ሽታቸው ብርቱ በሆኑ ዕፀዋት እባብን ማራቅ ይቻላል ብሎ ያምናል። ኢጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት ዘመን የአራዳን ገበያ ወደ መርካቶ ባዛወሩ ጊዜ ቅመሙና ሥራሥሩም አብሮ ተዛወረ። እፉኝቱ ከሜዳው ቀርቷል፤ መድኃኒቱ ግን ዛሬም በመርካቶ ይሸጣል።

እባብን በመድኃኒት ማሸነፍ ይቻላል የሚለው እምነት ጥንታዊ ነው። በአክሱም አፈ ታሪክ ሕዝቡ ለዘንዶው ለአርዌ ልጃገረድ ይገብር ነበር፤ አጋቦስም መርዝ የበላች ፍየል አቅርቦ ገደለው። በአዲስ አበባ ለገበያ የሚሣሉት የንግሥተ ሳባ ሥዕሎች የሚጀምሩት ከዚሁ ታሪክ ነው።

ይሁን እንጂ አጋቦስ መርዝ ሰጠ እንጂ የተነደፈ አላዳነም። የእፉኝት መርዝ ሥጋን ያበሰብሳል፤ እግርን በገመድ አጥብቆ ማሰር ደግሞ ጉዳቱን ያብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. የእባብን ንድፊያ ችላ ከተባሉት የቆላ በሽታዎች ጋር መዝግቦታል። የተነደፈውን እግር ሳያንቀሳቅሱ በሽተኛውን ፀረ መርዝ ወዳለበት ሐኪም ቤት ማድረስ ይገባል፤ ብዙው ባላገር ግን አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ሥር ማሹ ነው።