የፊቼ ጨምበላላ እንግዳ

በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ዓመቱን የሚያውቀው በግድግዳው ላይ በተሰቀለው የቀን መቍጠሪያ ነው። በዓላቱ አስቀድመው ታውቀው ታትመዋል፤ የዕረፍት ፈቃድ የሚጠየቀውም፥ ደመወዝ የሚከፈለውም በዚያው ሒሳብ ነው። ወደ ሲዳማ አገር ወርደው የፊቼ ጨምበላላን በዓል ለማየት ያሰቡ እንደ ሆነ ግን ይህ ልማድ አያዋጣዎትም። የሲዳማ አዲስ ዓመት የሚቈጠረው በሰማይ ምልክት ነውና፤ አያንቶ የሚባሉት የከዋክብት አዋቂዎች የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ ሲመለከቱ ሰንብተው ቀኑን ይወስናሉ፥ ከዚያም በኋላ ለየጎሣው ይነገራል። ስለዚህ በዓሉ ከዓመት ዓመት ቀኑን ይለዋውጣል፤ እንግዳውም እስኪነገረው ድረስ መታገሥ አለበት።

የሳምንቱም ነገር እንዲሁ ነው። በሲዳማ አቈጣጠር ሳምንት 4 ቀን ናት፤ ቀኖቹም ዲኮ፥ ዴላ፥ ቀዋዶ፥ ቀዋላንካ ይባላሉ፤ ገበያም በእነዚሁ ተራ ይቆም ነበር። ሰባት ሳምንት ሲሞላ 28 ቀን ይሆናል፤ ይኸውም አንድ ወር ነው። በ1880ዎቹ ዓመታት የአፄ ምኒልክ ጦር ወደዚህ አገር በገባ ጊዜ ከሰሜን የወረደው ሹም ይዞ የመጣው ጠመንጃና ማኅተም ብቻ አልነበረም፤ ሰባት ቀን ያለበትን ሳምንትም ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዘመን መቍጠሪያዎች በአንድ አገር ጎን ለጎን ኖሩ፤ አንደኛው በመዝገብ ይጻፋል፥ ሁለተኛው በሽማግሌ አእምሮ ይጠበቃል። ጠቅላይ ግዛቱ እንኳ በመዝገብ «ሲዳሞ» ተብሎ ሲጻፍ ሕዝቡ ራሱን የሚጠራው «ሲዳማ» ብሎ ነበር፤ የመሬቱም በደል መዘዙ እስከ 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ድረስ አልተቈረጠም። ይህን የማነሣው ለወቀሳ አይደለም። በኅዳር ወር 2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ ፊቼ ጨምበላላን ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ጋራ በመዘገበ ጊዜ፥ ኋላም በኅዳር 2012 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ይሆን ዘንድ በተወሰነ ጊዜ፥ የሕዝቡ ደስታ ከየት እንደ መጣ ያስተውሉልኝ ዘንድ ነው።

የበዓሉ መነሻ ግን የሹም ታሪክ አይደለም፤ የጦር ድልም አይደለም። በአፍ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትረካ እንደሚለው፥ አንዲት ሴት ካገባች በኋላ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ለመጠየቅ ትመጣ ነበር፤ በመጣችም ቍጥር ቡርሳሜ የሚባለውን ምግብ ይዛ ትመጣና ከጎረቤት ጋራ በአንድነት ይበላ ነበር። በዓሉ የእርሷ መታሰቢያ ነው። ወላጅ ጠያቂ ልጅ የአዲስ ዓመት መነሻ የሆነችበት አገር በዓለም ላይ ብዙ የሚገኝ አይመስለኝም።

ቡርሳሜ ከእንሰት፥ ከቅቤና ከወተት የሚዘጋጅ ነው። በዋዜማው ምሽት ቤተ ሰቡ ሁሉቃ በሚባለው ከለምለም እንጨት በተሠራ መተላለፊያ ሥር ያልፋል፤ ከአሮጌው ዓመት ወደ አዲሱ መሻገር ማለት ነው። ከዚያም ሻፌታ በሚባለው ሰፊ የሸክላ ዕቃ ቡርሳሜው ይቀርባል፥ ሁሉም ከአንዱ ዕቃ ይበላል። እዚህ ላይ ከሰሜን የመጣ እንግዳ ብዙ ጊዜ ያመነታል። የእንሰቱ ሽታ እንግዳ ይሆንበታል፤ «ግንድ ይበላሉ» ሲባል የሰማውም ትዝ ይለዋል። የጤፍ እንጀራችን ራሱ ቦክቶ የሚጋገር መሆኑን ግን ያን ጊዜ አያስታውስም። እንሰትን ጨርሶ አላውቅም የሚሉም ቢሆን፥ በቤትዎ የበዓል ድፎ ዳቦ ሲጋገር የሚጠቀለልበት ኮባ ምን እንደ ሆነ ይጠይቁ፤ የእንሰት ቅጠል ነው። በዘመነ መሳፍንት መግቢያ ጎንደር የነበረው የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1790 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ፥ እንሰት በጎንደርና ከዓባይ ማዶ በሜጫ በኩል እንደሚበቅል ከነሥዕሉ ገልጾ ጽፏል። የሥነ ዕፅዋት ሊቃውንትም እስከ ዛሬ ተክሉን የሚጠሩት በዚሁ በአገራችን ስም ነው።

ስለዚህ በዓሉን ሊያዩ የሄዱ እንደ ሆነ፥ ፈቃድ ጠይቀው ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ጓሮ ይግቡ። እንሰት ከተተከለ በኋላ እንደ አየሩ ጠባይ ከ4 እስከ 7 ዓመት ቆይቶ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሴቶች ነው። ግንዱን ሳንቃ ላይ አስደግፈው በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል፤ አምቾ የሚባለውን ሥሩን ይቀጠቅጡታል፤ ከጭማቂው የሚጠለው ነጩ ዱቄት ቡላ ነው፤ ከተፋቀው ውስጥ የሚወጣው ቃጫም ለገመድ ይሆናል። የተፋቀው ተደባልቆ ኮባ በተነጠፈበት ጉድጓድ ይቀበርና እንዲበስል ይተዋል፤ አንዳንዱ ለሳምንታት፥ አንዳንዱ ለወራት ይቆያል። ሲወጣ ይጨመቃል፥ ይከተፋል፥ ይነፋል። በአማርኛ ቆጮ የምንለውን የሲዳማ ሰው ዋሳ ይለዋል። እህል በድርቅ ሲከስም እንሰት በግንዱ ባጠራቀመው ውሃ ቆሞ ይሰነብታል፤ በጉድጓድ ያለውም ዋሳ ለክፉ ቀን ይጠብቃል። ለአንድ ቤት ከባንክ ደብተር የሚሻል ተቀማጭ ነው ብል አላጋነንሁም።

በማግሥቱ፥ በጨምበላላ ቀን፥ ልጆች «አይዴ ጨምበላላ» እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ በየቤቱም ቡርሳሜ ይቀርብላቸዋል። ከብቶች ሣሩ ተጠብቆ ወደ ቆየላቸው መስክ ይሰማራሉ። በሐዋሳ ጉዱማሌ በሚባለው ስፍራ ሕዝቡ ተሰብስቦ ቄጣላ ይዘፍናል፤ የጎሣ መሪዎችም ይመክራሉ፤ ሥራ እንዲወደድ፥ ሽማግሌ እንዲከበር፥ አገር በቀል ዛፍ እንዳይቈረጥ፥ በሐሰት እንዳይመሰከር፥ እንዳይሰረቅ ይናገራሉ። አዳራሽና መድረክ ላይ የሚታየውን ብዙ አልተርክም፤ ፎቶግራፍ አንሺው ሁሉ ያሳይዎታል። ከሐይቁ ዓሣ ቀምሰው «ሲዳማን አየሁ» ብሎ የሚመለስ ሰው አለ፤ ዓሣው ጣፋጭ መሆኑን አልክድም።

ዛሬ ግን የጓሮው ነገር ያሳስባል። በብዙ የሲዳማ ቀበሌ እንሰት ቆሞበት የነበረውን መሬት ጫትና ባሕር ዛፍ እየወሰዱት ነው፤ ጫት ቶሎ ገንዘብ ያመጣል፥ እንሰት ግን ዓመታት ይጠብቃል፤ ልጆች ያሉትን አባት በዚህ መውቀስ ይከብዳል። በዚህ ላይ የእንሰት አጠውልግ በሽታ አለ። ዳኛቸው ይርጉ ከብራድበሪ ጋራ ሆኖ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. ምንጩን አጥንቶ አሳተመ፤ እስከ ዛሬም ማዳኛ መድኀኒት አልተገኘለትም። በሽታው ከተክል ወደ ተክል የሚሻገረው በገበሬው ቢላዋ ጭምር ነው፤ ስለዚህ የታመመው ተነቅሎ ይቀበራል፥ ቢላዋውም በእሳት ይለበለባል። ጓሮው ከተራቆተ ለፊቼ ማታ ሻፌታ የሚሞላው ዋሳ ከገበያ መገዛት አለበት፤ ያቺ ልጅ ለወላጆቿ ይዛው የመጣችው ግን ከራሷ ጓሮ ነቅላ፥ በእጇ ፍቃ ያዘጋጀችውን ነበር።