የተቃጠለው የአቴና ወይራ

የጥንት ግሪኮች የጥበብ አምላክ ይሏት ከነበረችው ከአቴና ምልክቶች መካከል ጉጉትና ወይራ ዋነኞቹ ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ዓመት የፋርስ ሠራዊት የአቴንስን አክሮፖሊስ ሲያቃጥል፣ በዚያ የነበረው ቅዱስ ወይራም አብሮ ነደደ። ሄሮዶቱስ እንደ ጻፈው፣ ከፋርሱ ንጉሥ ጋር የመጡ የአቴንስ ስደተኞች በማግሥቱ ሊሠዉ ቢወጡ፣ ከጉቶው አንድ ክንድ ያህል ቡቃያ በቅሎ አገኙ። ቡቃያው በአንድ ቀን ይህን ያህል ማደጉ ያጠራጥራል። ለታሪክ ተመራማሪ ግን ቁም ነገሩ ነገሩ መተረኩ ነው፤ ይኸውም ከተማው ለተቃጠለበት ሰው ወይራው የአምላክ ጌጥ ብቻ ሳይሆን፣ አገሩ ከነሥሯ አለመጥፋቷን የሚያስረዳ ምስክር ስለ ነበረ ነው። በብር ገንዘቡ ላይ ከጉጉቷ ጋር የተቀረጸውን የወይራ ቅርንጫፍ የሚመለከት አቴናዊም ይህን ሳያስታውስ የሚቀር አይመስለንም።