የዘር ሐረጋችንን እንዴት እንፈልግ? ከአረጋውያን ትውስታ እስከ ቃዲ መዝገብ

አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ለተማሪዎቼ አንድ ቀላል የሚመስል የቤት ሥራ ሰጠሁ። «የአራቱን አያቶቻችሁን ስም ከነአባታቸው ጽፋችሁ ኑ» አልኳቸው። በማግስቱ አብዛኞቹ የአባታቸውን አባት ጽፈው መጡ። የእናታቸውን እናት ከነአባቷ የጻፈ ግን ከሁለት ልጅ አልበለጠም። ልገሥጻቸው ስል ራሴን ጠየቅኩ፤ እኔም አላውቅም ነበር። ማታ እናቴን ብጠይቃት «ይህን የሚያውቁት አያትህ ነበሩ» አለችኝ። አያቴ ወደ አኼራ ከሄዱ ሦስት ዓመት አልፏቸው ነበር።

ይህ ጽሑፍ የሚጠየቅ ሽማግሌ ገና በቤታቸው ላለላቸው ወንድሞችና እህቶች ነው። ሽማግሌዎቹ ላለፉባቸውም ፍለጋው የሚቀጥልበትን መንገድ ያሳያል።

ነሰብን ማወቅ በእስልምና

ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ዝምድናን ለመቀጠል የሚያስችለንን ያህል ነሰባችንን እንድናውቅ አዘዋል። ዓላማው ሲለቱ ረሒም ነው። የማያውቁትን ዘመድ መጠየቅ፣ ሲታመም መዘየር፣ ሲቸገር መርዳት አይቻልም። ሚራስን ለባለመብቱ ማድረስና ለጋብቻ ማን መሕረም እንደሆነ መለየትም በዚሁ ዕውቀት ላይ ይቆማል።

ሰይዲና አቡበክር (ረ.ዐ) የቁረይሽን ነሰብ ጠንቅቀው በማወቅ የታወቁ ነበሩ። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) የመንግሥቱን ዲዋን ሲያቋቁሙ ሕዝቡን በየጎሳው የመመዝገቡን ሥራ የሰጡት ለነሰብ ዐዋቂዎቹ ለዐቂል ኢብን አቢ ጣሊብ፣ ለመኽረማ ኢብን ነውፈልና ለጁበይር ኢብን ሙጥዒም ነበር።

ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት 13ኛው አንቀጽ ሰዎች በጎሳና በነገድ የተከፋፈሉት እንዲተዋወቁ መሆኑን፣ አላህ ዘንድ የሚበልጠውም አላህን ይበልጥ የሚፈራው መሆኑን ያስተምራል። በዘር መኩራራትም ሆነ የሌላን ሰው ዘር መናቅ የተወገዘ ነው። የራስ ያልሆነን ነሰብ የራስ አድርጎ ማቅረብ ደግሞ ከከባድ ወንጀሎች ይቆጠራል። ስለዚህ ፍለጋውን ስንጀምር «ታላቅ ሰው ላይ ልድረስ» የሚለውን ኒያ ትተን «እውነቱን ልወቅ» ብለን መነሳት አለብን።

አንደኛ፦ ከአረጋውያን መጀመር

መዝገብ ፍለጋ ከመሄድ በፊት በዕድሜ የገፉትን ዘመዶች መጠየቅ ይቀድማል። መዝገብ ነገ ሊገኝ ይችላል፤ ሰው ግን ያልፋል። በፈቃዳቸው ድምፃቸውን በስልክ ይቅረጹ፤ ቀኑንና ቦታውንም ይመዝግቡ። «ዘራችንን ንገሩኝ» ከማለት ይልቅ ወደ አንድ ጉዳይ የሚያመላክት ጥያቄ የተሻለ መልስ ያስገኛል፦

• ልጅ እያሉ ከቤታችሁ ማን ማን ይኖር ነበር?
• ኒካሕዎን ማን አሰረ? ወሊዎ ማን ነበሩ?
• አባትዎ የቀሩት የት ሐሪማ ነው? ሸሃቸውስ ማን ነበሩ?
• የሞቱ ዘመዶቻችን የት ተቀበሩ?
• ከመንደሩ ወጥቶ የቀረ፣ ወሬው የጠፋ ዘመድ አለ?

አንድን ታሪክ ቢያንስ ከሁለት የተለያዩ ሰዎች ይስሙ። ቢለያዩ አንዱን አይሰርዙ፤ ሁለቱንም ከተናጋሪው ስም ጋር ይጻፉ። የሐዲስ ሊቃውንት «ከማን ሰማህ?» ብለው የሚጠይቁት ጥያቄ እዚህም ይሠራል።

በሶማሌ ወገኖቻችን ዘንድ ልጆች የአባቶቻቸውን ስም እየቆጠሩ ያድጋሉ። በስልጤም የብዙ ጎሳዎች ትውፊት እስከ ሐጂ አልዬ ይዘልቃል። እንዲህ ያለው ቆጠራ ትልቅ ሀብት ነው። ሆኖም የቃል ቆጠራ አንዳንድ ትውልድ ሊዘልና አብዛኛውን ጊዜ እናቶችን ሊተው እንደሚችል አይዘነጋም።

ሁለተኛ፦ ዘመንን ማስላት

አረጋውያን የሚቆጥሩት በዓመተ ምሕረት ሳይሆን በክስተት ነው። «በክፉ ቀን ተወለደ» ካሉ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም ድረስ የዘለቀውን ታላቅ ረኃብ ማለታቸው ነው። የሰገሌ ጦርነት በጥቅምት 1909፣ የኅዳር በሽታ በ1911፣ የጣሊያን ወረራ በ1928 ነው። የመሬት አዋጁ የወጣው በየካቲት 1967 ነው። እነዚህን ከጎን ጽፎ መያዝ የአያትን ዕድሜ በጥቂት ዓመታት ልዩነት ለመገመት ይረዳል።

በዐረብኛ የተጻፉ ሰነዶች የሚጠቀሙት በሒጅራ አቆጣጠር ነው። በግምት ወደ እኛ አቆጣጠር ለመቀየር የሒጅራውን ዓመት በ0.97 ያባዙና 614 ይደምሩ። ለምሳሌ 1300 ሒጅሪያ በ0.97 ሲባዛ 1261 ይሆናል፤ 614 ሲደመር 1875 ዓ.ም ላይ ያደርሳል። ውጤቱ በአንድ ዓመት ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል።

ሦስተኛ፦ ሰነዶች የት ይገኛሉ?

በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም (አዋጅ ቁጥር 760/2004) ሲሆን ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው። ስለዚህ የአያትን የልደት ምስክር ወረቀት መፈለግ ብዙ ጊዜ ድካም ብቻ ነው። ይልቁንም የሚከተሉትን ይመልከቱ።

የቤት ውስጥ ወረቀቶች። የኒካሕ ወረቀት፣ የግብር ደረሰኝ፣ የቤት ካርታ፣ የሐጅ ፓስፖርት፣ የእድርና የዕቁብ ደብተር፣ ከስደት የተላከ ደብዳቤ። የፎቶ ጀርባም መገልበጥ አለበት።

ኪታቦች። በወሎ፣ በሐረር፣ በጅማና በሌሎችም አካባቢዎች በየቤቱ የተቀመጡ የእጅ ጽሑፎች በመጨረሻው ገጽና በኅዳጋቸው የጸሐፊውን ስም ከነአባቱ፣ የባለቤቱን ስም፣ የወቅፍ ቃል፣ አንዳንዴም የልጆችን የልደት ቀን ይይዛሉ። ጽሑፉ ዐረብኛ ቢመስልም ዐጀም፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ወይም ሌላ የአገራችን ቋንቋ ሊሆን ስለሚችል ዐጀም ለሚያነብ ሰው ያሳዩት።

የሸሪዓ ፍርድ ቤት መዝገቦች። በሐረር የቃዲ ፍርድ ቤት የመሬት ሽያጭን፣ ጋብቻንና ውርስን በዐረብኛ ይመዘግብ ነበር። በአገር አቀፍ ደረጃ የናኢባና የቃዲ ምክር ቤቶች በ1936 ዓ.ም በአዋጅ ታወቁ፤ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ተጠናከሩ። ከእነዚህ መዝገቦች ሁሉ ለዘር ሐረግ ፈላጊ የሚበልጠው የሚራስ ፋይል ነው። በፈራኢድ ሕግ ሚስት፣ እናት፣ ሴት ልጅና እህት ድርሻ ሊኖራቸው ስለሚችል ቃዲው ሳይለይና ሳይጽፍ ማከፋፈል አይችልም። በቃል ቆጠራ የጠፉ ሴት አያቶች የሚገኙት ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

የቀበሌ የቤተሰብ ቅጽና የድሮ የርስት ክርክሮች። የርስት ተከራካሪዎች መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው አባት ጀምረው ዘራቸውን ይቆጥሩ ነበር። ይህ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ቆጠራው የቀረበው ክርክር ለመርታት ስለሆነ ከሌላ ምንጭ ጋር ማመሳከር ግድ ነው።

ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየሞች። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና ሰዎች እስካሁን «ወመዘክር» የሚሉት የመንግሥት ቤተ መዛግብት፣ በሐረር ደግሞ በዐብዱላሂ ሸሪፍ ስብስብ የተቋቋመው ሙዚየም ይጠቀሳሉ። የታሪክ ምሁሩ ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ላይ ያዘጋጁትና በ2001 እ.ኤ.አ የታተመው መጽሐፍም የወሎን ዑለማዎችና መርከዞች ለሚፈልግ መነሻ ይሆናል።

ስም ሲለወጥ

በወሎ ለሚፈልጉ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በ1870 ዓ.ም ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አስገደዱ። ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ሚካኤል ተብለው ኋላ ንጉሥ እስከመሆን ደርሰዋል። ከተራው ሕዝብም ከፊሉ ስሙን ለወጠ፤ ከፊሉ በአደባባይ በአንዱ፣ በቤቱ በሌላው ስም ተጠራ፤ ከፊሉ ተሰደደ። ስለዚህ አንድ አያት በሁለት ስም ሊገኙ፣ ከወንድማማቾች የአንዱ ልጆች ሙስሊም፣ የሌላው ክርስቲያን ሊሆኑ ይችላሉ።

እንዲህ ያለ ዘመድ ሲገኝ ምን እናድርግ? የሰይዲና አቡበክር ልጅ አስማእ (ረ.ዐ) ገና ያልሰለሙት እናታቸው ሊጠይቋቸው በመጡ ጊዜ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ፤ እሳቸውም ዝምድናቸውን እንዲቀጥሉ አዘዟቸው። መልሱ ይኸው ነው።

በጋራ ለመሥራት

አንድ ሰው ብቻውን ሁሉንም አይደርስበትም። ከእያንዳንዱ የቤተሰብ ቅርንጫፍ አንድ ሰው መርጣችሁ ሥራውን ተካፈሉ፤ አገር ቤት ያለው ሽማግሌ ይጠይቃል፣ ጂዳ ወይም ዋሽንግተን ያለው ያሰባስባል። ለእያንዳንዱ ሰው ስም፣ አባት፣ እናት፣ አገር፣ ዘመንና «ከማን ተገኘ» የሚሉ ስድስት ዓምዶች ይበቃሉ። የጡት ዝምድናንም አትርሱ፤ ለጋብቻ እንደ ሥጋ ዝምድና የሚከለክል ሆኖ ሳለ ከሁሉ ቀድሞ የሚረሳው እሱ ነው። ሰነዱን በፎቶ አንሱ እንጂ ከባለቤቱ ቤት አታውጡ።

ሦስት ጥንቃቄዎች

በሕይወት ያሉ ሰዎችን የልደት ቀን፣ የእናት ስምና አድራሻ በአደባባይ አታውጡ፤ ለአጭበርባሪ መሣሪያ ይሆናል።

የሰውን ነውር ሸፍኑ። በፍለጋው ፍቺ፣ ጠብ ወይም የባርነት ታሪክ ሊገኝ ይችላል። በባርነት መሸጥ ለተሸጠው ሰው ነውር አይደለም፤ ቢሆንም የሚነገረው በልጆቹ ፈቃድ መሆን አለበት።

በውጭ አገር የሚሸጠው የዘረ መል ምርመራ ሩቅ ዘመድ ሊጠቁም ይችላል። ሆኖም የሙስሊም ወርልድ ሊግ የፊቅህ ምክር ቤት በ2002 እ.ኤ.አ መካ ላይ ባደረገው ጉባኤ በሸሪዓ የጸና ነሰብን በዚህ ምርመራ ብቻ ማፍረስ እንደማይፈቀድ ወስኗል። በአንድ ወረቀት ቤተሰብ እንዳይፈርስ ወደ ምርመራው ከመግባት በፊት ዑለማ ማማከር ይገባል።

እኔ የእናቴን እናት አባት ስም እስካሁን አላገኘሁም፤ በቤተሰባችን መዝገብ ቦታው ባዶ ነው። በግምት አልሞላሁትም። ፍለጋው ግን አያቴ ሲያነሷቸው የነበሩ፣ እኛ የማናውቃቸው ሁለት የአክስት ልጆች ዘንድ አደረሰን፤ ባለፈው ዒድ እናቴ ደወለችላቸው። እርስዎም ዛሬ ከቤትዎ ታላቅ ወደሆኑት ሰው ይደውሉና አንድ ጥያቄ ይጠይቁ።

ወላሁ አዕለም።