መልካሙን ጠመንጃ ከክፉው ስለ መለየት

(በራዲዮ ከተሰሙት የታሪክ ንግግሮች አንዱ)



የዓባይን በረሃ ወጥቶ፤ ደጀንን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያቀና መንገደኛ ሉማሜን ያገኛል። ከሉማሜ ጀምሮ እስከ ቢቸናና እስከ ሞጣ በተዘረጋው አገር፤ በአባቶቻችን ዘመን አንድ ገበሬ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት አጥብቆ የሚመረምራቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ እነርሱም በሬና ጠመንጃ ናቸው። የበሬውን ከንፈር ገልጦ ከጥርሱ ዕድሜውን ያነባል፤ ጫንቃውን ዳስሶ ቀንበር የለመደ መሆኑን ያረጋግጣል። ጠመንጃው ግን ጥርስ የለውም፤ ሻጩም ብረቱን በቅባት፤ እንጨቱን በሰም አሳምሮ ነው የሚያቀርበው። በሬው ባይረባ የአንድ ክረምት እርሻ ይጎዳል። ጠመንጃው ባይረባ ግን ጉዳቱ የሚታወቀው ሰው ከጠላቱ ፊት በቆመበት ሰዓት ነው። እንግዲህ አባቶቻችን ይህን ምርመራ ከምን እንደ ተማሩትና ምን እንዳስገኘላቸው ዛሬ ጥቂት እንመልከት።

በመጀመሪያ ልናስተውለው የሚገባን፤ ወደ አገራችን ከገባው ጠመንጃ ብዙው በሌላ አገር ሠራዊት እጅ ያረጀ መሆኑን ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ የጦር መሣሪያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየተለወጠ ሄደ። በአፈሙዙ ባሩድ የሚጎርሰው ከኋላ በሚጎርሰው ተተካ፤ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሰው ደግሞ ብዙ ጥይት በሚይዘው ተተካ። አንድ መንግሥት መሣሪያውን በለወጠ ቍጥር በብዙ ሺህ የሚቆጠር አሮጌ ጠመንጃ ይተርፋል። ይህንንም ነጋዴዎች በርካሽ እየገዙ፤ እያደሱ ወደ ሩቅ አገር ይልኩት ነበር። የቤልጂግ ከተማ ሊዬዥ ለዚህ ንግድ የታወቀች ነበረች።

ነገር ግን እድሳት ሁሉ አንድ አይደለም። የጠመንጃውን ነፍስ የሚያድስ እድሳት አለ፤ ልብሱን ብቻ የሚያድስም አለ።

ነፍስን ለሚያድሰው ምሳሌ የሚሆነን ስናድር ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1866 በአፈሙዝ የሚጎርሱ አሮጌ ጠመንጃዎቹን ከኋላ በኩል አስቆርጦ፤ ያዕቆብ ስናይደር የተባለው አሜሪካዊ ያሰበውን መዝጊያ አስገጠመባቸው። አፈሙዙም እንጨቱም የቀድሞው ነው፤ ሥራው ግን አዲስ ሆነ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አጠገብ በአሮጌ ላይ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት የገጠመው ይህን ጠመንጃ ነበር። ወታደሩ በአፈሙዙ ባሩድ ጠቅጥቆ እስኪጨርስ ድረስ ስናድር የያዘው ደጋግሞ ይተኩስበት ነበር። የኢትዮጵያ ሰውም ይህን በዐይኑ አይቶ ስሙን በአንደበቱ ያዘው።

ውጅግራም እንዲሁ ነው። ፈረንሳዮች ቀድሞ በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት የሚተኩስ ሻስፖ የሚባል ጠመንጃ ነበራቸው። ግራ የተባለው መኰንን የናስ ቀለህ ያለው ጥይት እንዲተኩስ አድርጎ አሻሻለው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1874ም የሠራዊቱ መሣሪያ ሆነ። ብዙው ሻስፖም በዚሁ ዓይነት ተለወጠ። ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» የሚሉትን የእኛ ሰው «ውጅግራ» አለው።

ልብሱን ብቻ ስለሚያድሰው እድሳት ደግሞ ከነጋዴው ከራሱ የተሻለ ምስክር አይገኝም። በ1878 ዓ.ም. በታጁራ ወደብ ተቀምጦ የግመል ቅፍለት ይጠብቅ የነበረ ፈረንሳዊ፤ ለቤተ ሰቦቹ በላከው ደብዳቤ የንግዱን ምሥጢር ሳይሸሽግ ገልጾታል። ጠመንጃዎቹ ከሠራዊት ከተሰናበቱ አርባ ዓመት የሞላቸው ሲሆኑ፤ በሊዬዥ ወይም በፈረንሳይ አሮጌ መሣሪያ ሻጮች ዘንድ አንዱ 7 ወይም 8 ፍራንክ ያወጣል፤ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ግን 40 ፍራንክ ያህል ይሸጣል። ይህ ሰው በወጣትነቱ በግጥም ስሙን ያስጠራው፤ ኋላ ግን ግጥሙን ትቶ ንግድ የያዘው አርቱር ራምቦ ነበር። እርግጥ ነው፤ የበረሃው መንገድ ወጪና አደጋ ብዙ ነበር። ቢሆንም የዋጋው እጥፍ አምስት ሲሆን ጠመንጃው አንዲት ጥይት ፈጥኖ አይተኩስም፤ ያው በአፈሙዙ የሚጎርሰው አሮጌ ነው። «ከእጅ አይሻል ዶማ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ራምቦ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ ይዞ በ1879 ዓ.ም. ሸዋ ደረሰ። ንጉሥ ምኒልክ ከሐረር ዘመቻ ተመልሰው እንጦጦ ላይ ሲቀበሉት የጠየቀውን ዋጋ አልሰጡትም። ዋጋውን አስቀነሱ፤ የሞተው ሸሪኩ የነበረበትንም ዕዳ ቆረጡበት፤ ለቀረውም ገንዘብ የሐረር ገዥ ወደ ነበሩት ወደ መኰንን፤ ኋላ ራስ መኰንን ወደ ተባሉት፤ የክፍያ ወረቀት ጽፈው አሰናበቱት። ነጋዴው በጣሙን አማረረ። ንጉሡ ግን የዓለምን ገበያ ከነጋዴው አፍ ብቻ የሚሰሙ አልነበሩም፤ ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከ1871 ዓ.ም. ጀምሮ በአጠገባቸው ነበረ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ከጣልያን ጋር ባደረጉት ስምምነት 5,000 ሬሚንግተን ጠመንጃ ሊሰጣቸው ቃል ተገባ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እንዲሉ፤ ከአንድ ሻጭ እጅ ብቻ አለመግዛትና ከኋላ የሚጎርሰውን መምረጥ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ፍሬውን አሳየ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ሠራዊታቸውን ይዘው በዚያ ተሰልፈው ነበር።

አሁን ወደ ሉማሜው ገዢያችን እንመለስ። መሐንዲስ በአጠገቡ የለም፤ ያለው ዐይኑና እጁ ነው።

ዐዋቂ ገዢ አስቀድሞ የሚይዘው ሰደፉን ነው። ከምላጩ በስተኋላ እንጨቱ የሚቀጥንበት አንገት ዋነኛው የመሰበሪያ ቦታ ነውና፤ የእንጨቱ ጅማት በቁመቱ መሄዱን ወይም በአግድም መቈረጡን ያያል። በአግድም የተቈረጠ ከሆነ ምንም ቢያብረቀርቅ አይበጅም። በአውሮፓ ለሰደፍ የሚመረጠው ለብዙ ጊዜ የደረቀ የዋልነት ዛፍ እንጨት ነው። የተሰበረውን በአገር እንጨት የሚተካ ባለሙያ ወይራ ቢመርጥ ጥንካሬ ያገኛል፤ ክብደት ግን ይጨምራል። ዋንዛ ቢመርጥ ለመጥረብ ይመቸዋል፤ ጥንካሬው ግን ያንሳል። ከሁሉ የሚከፋው እርጥብ እንጨት ነው። በበጋ ይሸሽና በብረቱና በእንጨቱ መካከል ክፍተት ይተዋል፤ ጠመንጃው በተተኮሰ ቍጥር ብረቱ ወደ ኋላ እየገጨ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። በክረምት ደግሞ ያብጥና አፈሙዙን ይገፋዋል፤ ጥይቱም ካነጣጠሩበት ይስታል። ስለዚህ ገዢው ጥፍሩን በብረቱና በእንጨቱ መጋጠሚያ ላይ እያስኬደ ይፈትነዋል።

ቀጥሎ ጌጡን ይመለከታል። የናስ ምስማር፤ የብር ቅጠል፤ የቆዳ ልብስ፤ ያማረ ማንገቻ ለባለቤቱ ክብር ነው፤ ለገዢ ግን ጥያቄ ነው። አንገቱ በጠፍር ተጠምጥሞ ቢያገኘው ከሥሩ ምን እንዳለ ይጠይቃል። እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ ስለሚጠብቅ የተሰነጠቀን ሰደፍ ያጸናል፤ ነውርም የለበትም። ሻጩ «ተሰንጥቆ ነበር፤ አጥብቄዋለሁ» ካለ ጥገና ነው፤ ዝም ካለ ማታለል ነው።

ከዚያም መዝጊያውን ከፍቶ አፈሙዙን ወደ ብርሃን አቅንቶ ውስጡን ያያል። ጥቁር ባሩድ የሚተወው ጥላሸት እርጥበት ይስባልና፤ ሳይታጠብ የከረመ አፈሙዝ ውስጡ በዝገት ይበላል። በብረቱ ላይ የታተመውንም ምልክት ይፈልጋል። በሊዬዥ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1672 ጀምሮ የጠመንጃ መፈተኛ ቤት ነበረ፤ አፈሙዙ ከልኩ በላይ ባሩድ ጎርሶ ይተኮስና ቢጸና ማኅተም ይደረግበታል። ይህ ማኅተም ግን የሚመሰክረው አፈሙዙ በተፈተነባት ቀን ጽኑ እንደ ነበረ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ በላው ዝገትም ሆነ ስለ ሰደፉ አይመሰክርም።

በመጨረሻ የዝናሩን ጥይት ይቈጥራል። ጥይት በብዙ ገበያ እንደ ገንዘብ እስኪመነዘር ድረስ የተወደደ ስለ ነበር፤ የተተኮሰው የውጅግራ ቀለህ እንደ ገና ባሩድ ይሞላ ነበር። የተሰነጠቀ ቀለህ እሳቱን ወደ ተኳሹ ፊት ሊመልስ ይችላል፤ ስለዚህ ቀለሁን አንድ በአንድ በጣት ማዞር ያስፈልጋል።

የዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ጥቅም ዳግመኛ የታየው በጣልያን ወረራ ዘመን ነው። በ1928ቱ ጦርነት ዋዜማ መንግሥታት ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ጣልያን መሣሪያዋን ራሷ ትሠራ ስለ ነበር ክልከላው የጎዳው ኢትዮጵያን ነው፤ የአያት ውጅግራም ከተሰቀለበት ወረደ። በቢቸና ምድር በኋላ ደጃዝማች የተባሉት በላይ ዘለቀ፤ በሌላውም የጎጃም ክፍል ሌሎች አርበኞች ጠላትን ሲዋጉ፤ አንዱ ባለ 11 ሚሊሜትር ውጅግራ፤ ሌላው ባለ 8 ሚሊሜትር ለበል፤ ሦስተኛው ከጠላት የተማረከ ባለ 6.5 ሚሊሜትር የጣልያን ጠመንጃ ይዞ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ይገኝ ነበር። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። የውጅግራው ጢስ የተኳሹን ቦታ ለጠላት ይጠቁማል፤ ጢስ በሌለው ባሩድ የሚተኩሰው ለበል ግን ባለቤቱን አያጋልጥም። እንዲህ ባለው ጊዜ የትኛው ጠመንጃ ለደፈጣ፤ የትኛው ለመከላከያ እንደሚሆን ለይቶ ማደልደል የሰው ሕይወት ማዳን ነበር።

አንባብያን ሆይ፤ አባቶቻችን ድሆች ስለ ነበሩ አሮጌ ገዙ፤ በዚህ አያፍሩም። አሮጌውን ከአሮጌው ለይተው መግዛታቸው ግን ሊረሳ አይገባም። ጠመንጃውን ያላወቀ ሰው 7 ፍራንክ የሚያወጣውን በ40 ይገዛ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ቀሪውን ዋጋ በሕይወቱ ይከፍል ነበር። የሌላውን አገር ሥራ በምንገዛበት ጊዜ ሁሉ፤ ጌጡን ሳናይ በፊት ጥፍራችንን በብረቱና በእንጨቱ መጋጠሚያ ላይ እናስኪድ።